ለመንግሥት ሥራ ፈተና ከጅማ ሆኖ መዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ዲግሪውን ይዞ ሥራ የሚጠብቅ ልጅ የሌለበት ሰፈር የለም። በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ ስለቆየሁ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ጎረቤት ይጠይቀኛል፣ የእህቴ ልጅ ጓደኞቿን ይዛ ትመጣለች፣ ቡና እየተጠጣም ይነሳል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ጎበዝ ልጆች ላልተጠየቁት ነገር ሲዘጋጁ ከርመው ሲወድቁ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የሲቪል ሰርቪስ ፈተና ለሁሉም መሥሪያ ቤት አንድ ነው?

አይደለም። መጀመሪያ ልትጠይቁ የሚገባችሁ "መሥሪያ ቤቱ የማን ነው?" የሚለውን ነው። የፈተናው ቋንቋ፣ የምታነቡት አዋጅ፣ ማስታወቂያው የሚወጣበት ቦታ ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ሦስት ዓይነት ቀጣሪ ጎን ለጎን አለ።

አንደኛው ፌዴራል ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ የገቢዎችና የጉምሩክ ቅርንጫፎች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ብዙዎቹ በፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ይተዳደራሉ፤ የራሳቸው የሠራተኛ ደንብ ያላቸውም አሉ።

ሁለተኛው ክልል ነው። የጅማ ከተማ አስተዳደር፣ የጅማ ዞን ጽሕፈት ቤቶች፣ በዙሪያው ያሉ ወረዳዎች በኦሮሚያ ክልል ሕግ ይሠራሉ። የሥራ ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ ነው።

ሦስተኛው የመንግሥት የልማት ድርጅት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይጠቀሳሉ። ሰው "የመንግሥት ሥራ" ይላቸዋል እንጂ ሠራተኞቻቸው ሲቪል ሰርቫንት አይደሉም። የሚመለከታቸው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ለባንክ ፈተና የሲቪል ሰርቪስ አዋጅ ሲሸመድዱ የሚያመሹ ልጆች አውቃለሁ። ለዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ሥራ 1156ን የሚያነቡም አሉ። ሁለቱም ድካማቸው በከንቱ ነው።

አፋን ኦሮሞ እሰማለሁ፣ እናገራለሁም። መጻፍ ግን አልችልም። ክልል ላይ መወዳደር እችላለሁ?

ጅማ ላይ ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ላይ ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። አማርኛ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ነው። የፌዴሬሽኑ አባሎች ደግሞ የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ ይወስናሉ። ኦሮሚያ የወሰነችው አፋን ኦሮሞን ነው። ስለዚህ የከተማ አስተዳደሩ ፈተና በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል በተጻፈ አፋን ኦሮሞ፣ ቢቀርብላችሁ ቅር ሊላችሁ አይገባም። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው፣ ሪፖርት የሚያዘጋጀው በዚያ ቋንቋ ነው።

ጥሩው ነገር፣ የጅማ ልጅ ከዜሮ አይነሳም። ሄርማታ መርካቶ ገበያ ውስጥ አድጎ አፋን ኦሮሞ የማይሰማ ብዙ የለም። የጎደለው ጽሑፉና የቢሮው ቃል ነው። ጽሑፉን በተመለከተ ሁለት ነገሮች ላይ አተኩሩ፦ አናባቢው ሲረዝም ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ተነባቢው ሲጠብቅም እንደዚያው። አማርኛ ማጥበቅን በፊደል ስለማያሳይ ዓይናችን አልለመደውም። የቃሉ ትርጉም ግን በዚህ ሊለወጥ ይችላል፣ ፈታኙም ወዲያው ያየዋል።

የቢሮውን ቃል ደግሞ ከቢሮ ውሰዱ። በከተማው ጽሕፈት ቤቶች ሰሌዳ ላይ የተለጠፉ ማስታወቂያዎችን በስልክ ፎቶ አንሱና ቤት ሄዳችሁ ገልብጡ። የኦቢኤን (የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ) ዜና በየቀኑ ስሙ። በቀን አንዲት አጭር ደብዳቤ ጻፉና በአፋን ኦሮሞ የተማረ ጓደኛችሁ ያርማችሁ። የእሱ የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ምናልባት የእናንተን እርማት ይፈልጋል። በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚወዳደር ልጅ የአማርኛ ደብዳቤ ላይ ይቸገራልና ተደጋገፉ። ሁለት ጓደኛሞች እንዲህ እየተራረሙ ሲያጠኑ ሳይ ደስ ይለኛል።

ለፌዴራል ብቻ ብትወዳደሩም አፋን ኦሮሞን አትተዉት። ጅማ ላይ አገልግሎት ፈላጊው ከማና፣ ከቀርሳ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ የሚመጣ ገበሬ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ "ባለጉዳይ አማርኛ ባይችልስ?" ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሳችሁ ዝግጁ ይሁን።

ማስታወቂያው የት ይወጣል?

የፌዴራል ማስታወቂያዎች አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ፣ በመሥሪያ ቤቶቹ ድረ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ላይ ይወጣሉ። የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች የየራሳቸው ሰሌዳ አላቸው። የከተማና የዞን ማስታወቂያዎችን ግን በእግር ሄዶ ማየት ይሻላል። ብዙ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው፣ ቀናቸው አልቆ፣ ማንም ስልኩ ላይ ሳያያቸው ይነሳሉ።

ቴሌግራም ላይ ያያችሁትን ማስታወቂያ ማኅተምና የደብዳቤ ቁጥር ካለበት ዋናው ጋር ሳታመሳክሩ አትመኑ። የቀን አቆጣጠሩንም አጣሩ። "ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት ተከታታይ 10 የሥራ ቀናት" ከተባለ ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀን አይቆጠሩም። የወጣበት ቀን ግን ሊቆጠር ይችላል። የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ። በመጨረሻው ቀን ኔትወርክም ሰልፉም አይቻልም።

ማስታወቂያውን አነበብኩት፤ ከዚያስ?

እንደገና አንብቡት። እውነቴን ነው። የፈተናው ግማሽ እዚያ ላይ አለ።

የሥራ መደቡ መጠሪያ ምን ይላል? "የግዥ ባለሙያ" እና "የንብረት አስተዳደር ባለሙያ" ለሁለቱም የማኔጅመንት ዲግሪ ቢጠየቅም ፈተናቸው ይለያያል። ደረጃው ስንት ነው? የፌዴራሉ የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ሥራዎችን በ22 ደረጃዎች ያስቀምጣል። ሰው ሁሉ "ጄ ኢ ጂ" የሚለው እሱን ነው። ደረጃው ከፍ ሲል ጥያቄው ከ"ምንድን ነው?" ወደ "እንዲህ ቢያጋጥምህ ምን ታደርጋለህ?" ይሸጋገራል።

"ተፈላጊ ችሎታ" በሚለው ሥር የትምህርት ዝግጅታችሁ በስሙ መጠቀሱን እዩ። "ተዛማጅ የትምህርት መስክ" የሚል ከሌለ ተቀራራቢ መሆኑ ብቻ ላያስገባችሁ ይችላል። "0 ዓመት" የሚለው ለአዲስ ተመራቂ የተከፈተ በር ነው። እዚያ ላይ ተወዳዳሪው ብዙ ስለሚሆን ነጥቡ ጠባብ ነው፤ በአንድ ጥያቄ ልዩነት ይወደቃል።

የመደቡን የሥራ ዝርዝር ማግኘት ከቻላችሁ ደግሞ ወርቅ ነው። የሰው ሀብት ክፍሉን በትህትና ጠይቁ፤ ካልሆነም በዚያ መደብ የሚሠራ ሰው ፈልጉና "ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለህ?" በሉት። ጥያቄ የሚያወጣው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄውን የሚያወጣው ከዚያው ዕለታዊ ሥራ ነው።

ምን ሰነድ ላዘጋጅ?

ዲግሪ ወይም ቴምፖ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የታደሰ መታወቂያ፣ የሥራ ልምድ ካለ ደብዳቤው። ዋናውንም ኮፒውንም ይዛችሁ ሂዱ። የፋይዳ ቁጥር የሚጠይቁ መሥሪያ ቤቶች እየበዙ ስለሆነ ያልተመዘገባችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ተመዝገቡ። ከቴክኒክና ሙያ ለተመረቃችሁ ደግሞ የሲ ኦ ሲ የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋችኋል።

ስማችሁ በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አሁኑኑ አረጋግጡ። ዲግሪው ላይ "መሐመድ"፣ መታወቂያው ላይ "ሙሐመድ" ከሆነ፣ ወይም የአያት ስም በአንዱ ላይ ከጎደለ፣ ምዝገባው ቀን ላይ አይስተካከልም።

የመውጫ ፈተና አልፌያለሁ። እሱ አይበቃም?

አይበቃም። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ትምህርታችሁን ማጠናቀቃችሁን ያረጋግጣል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። የቅጥር ፈተና ግን ውድድር ነው። 70 አምጥታችሁ 75 ያመጣ ካለ ቦታው የእሱ ነው። የመውጫ ፈተና ማስታወሻችሁን ግን አትጣሉት፣ ለሙያ ጥያቄዎቹ ጥሩ መነሻ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሠርቻለሁ። የግል ድርጅት ልምድ ይያዝልኛል?

ከሥራው ጋር ቀጥታ ግንኙነት ካለው ይያዛል። ብዙ ማስታወቂያዎች ግን የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ቀጣሪያችሁ ግብሩን ገቢ ያደርግ ከነበረ ማረጋገጫውን ካሁኑ አውጡ። ደብዳቤው ላይ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን መደብ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠራችሁ ይጻፍ። "በጥሩ ሥነ ምግባር አገልግሏል" ብቻ የሚል ወረቀት አይጠቅማችሁም።

ደመወዙ ስንት ነው?

በመስከረም 2018 በተጀመረው ማሻሻያ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚያ ላይ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምርላችኋል። ይህ የጡረታ ነገር ለሰው ሀብትና ለሒሳብ መደቦች ፈተና ላይም የሚመጣ ነው፤ አዋጁ 1267/2014 ነው።

ታዲያ ምኑን ላጥና?

አብዛኛው የጽሑፍ ፈተና ሙያን፣ ሕግና አሠራርን፣ አጠቃላይ ችሎታን አደባልቆ ይይዛል። ድርሻቸው ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል። እኔ ከሙያው እንድትጀምሩ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ነጥብ ያለው እዚያ ነው።

ሒሳብ ያጠናችሁ ከሆነ የዩኒቨርሲቲው መጽሐፍ በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ትርፋማ ድርጅት ነው። የመንግሥት ሒሳብ ሌላ ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የበጀት ዝውውር፣ የወጪ መደቦች፣ አይቤክስና ኢፍሚስ የተባሉት የበጀትና የሒሳብ መመዝገቢያ የኮምፒውተር ሲስተሞች ምን እንደሚሠሩ እወቁ። ለንብረት መደብ ከቅጾቹ ሞዴል 19 ዕቃ ገቢ የሚደረግበት፣ ሞዴል 20 ዕቃ የሚጠየቅበት፣ ሞዴል 22 ዕቃ ወጪ የሚደረግበት መሆኑን የማያውቅ ተወዳዳሪ በዜሮ ይጀምራል። ይህን መጽሐፍ ላይ አታገኙትም። የመንግሥት ንብረት ክፍል የሚሠራ ሰው ግን በአንድ ከሰዓት ያስረዳችኋል።

ለግዥ፣ አዲሱን የፌዴራል የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333/2016ን ያዙ። ለገቢዎች፣ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ን ከማሻሻያው 1395/2017 ጋር፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016ን ደግሞ ለብቻው አንብቡ። የታክሱ መጣኔ 15 በመቶ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ፈታኙ የሚፈልገው ከታክስ ነጻ የሆነውን በዜሮ መጣኔ ከሚታክሰው መለየት መቻላችሁን ነው።

ከሕጉ ወገን ሁሉንም የሚመለከት ደግሞ አለ። ሕገ መንግሥቱ 11 ምዕራፎችና 106 አንቀጾች አሉት። ሁሉን መሸምደድ አያስፈልግም። ምዕራፍ ሦስትን፣ ማለትም ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያሉትን መብቶች በደንብ እወቁ። አንቀጽ 9 ስለ ሕገ መንግሥቱ የበላይነት ነው፤ አንቀጽ 12 ስለ መንግሥት አሠራር ግልጽነትና ተጠያቂነት። 51 እና 52 የፌዴራልንና የክልልን ሥልጣን ይለያሉ። ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ብሎ ይሳሳታል። ለክልል የምትወዳደሩ የጨፌ ኦሮሚያን (የክልሉን ምክር ቤት) ሥልጣንና የክልሉን የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ጨምሩ።

አሥራ ሁለቱን የሥነ ምግባር መርሆዎችም አትዝለሉ። ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት እያሉ የሚሄዱት ናቸው። ስም ዝርዝራቸውን ብቻ ሳይሆን በየመርሁ አንድ የቢሮ ምሳሌ አዘጋጁ።

ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ሾርት ኖትና የአምና ጥያቄስ?

የጥያቄውን ዓይነት ለመልመድ ይጠቅማሉ። መልሳቸውን ግን አትመኑ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅን ብቻ ብንወስድ፣ 515/1999 ነበር፣ ከዚያ 1064/2010 መጣ፣ አሁን 1353/2017 ተተክቷል። የሚዘዋወሩት ኖቶች ብዙዎቹ አሁንም 1064ን ይጠቅሳሉ። 515ን የሚጠቅሱም አይቻለሁ። በግዥም 649/2001፣ በተጨማሪ እሴት ታክስም 285/1994 የሚል ካያችሁ ኖቱ ያረጀ ነው፣ ወደ ጎን አድርጉት። አዋጁን ከራሱ ከነጋሪት ጋዜጣ አንብቡ። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ስላለ ቃላቱን በሁለቱም ቋንቋ ትይዛላችሁ።

"የዘንድሮው ፈተና ወጥቷል፣ በዚህ ቁጥር ክፈሉ" የሚል መልእክት ከደረሳችሁ አጥፉት። ብሩም ይሄዳል፣ ሻጩ ቢያዝ ደግሞ እናንተም ትያዛላችሁ።

ሒሳብና የአመክንዮ ጥያቄ ያስፈራኛል። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ቆየሁ።

ከ7ኛና 8ኛ ክፍል በላይ የሚሆነው ትንሽ ነው። መቶኛ፣ ንጽጽር፣ አማካይ፣ የሥራና ጊዜ ጥያቄ፣ የቁጥር ተከታታይ። የሚከብደው ሰዓቱ ነው።

እስቲ አብረን እንሥራ። አንድ ዕቃ 10,000 ብር ነበር። 20 በመቶ ጨመረ፣ ከዚያ 20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ስንት ነው? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ "10,000" ይላል። ሲጨምር 12,000 ሆነ። የቀነሰው ግን የ12,000 20 በመቶ፣ ማለትም 2,400 ነው። መልሱ 9,600 ነው።

ስድስት ሠራተኞች አንድን ፋይል በ10 ቀን አደራጅተው ይጨርሳሉ። አራት ቢሆኑስ? ሥራው 60 የሰው ቀን ነው። ለአራት ሲካፈል 15 ቀን።

3፣ 6፣ 11፣ 18፣ 27 ቀጥሎ? ልዩነቱን ጻፉ፦ 3፣ 5፣ 7፣ 9። ቀጣዩ ልዩነት 11 ስለሆነ መልሱ 38 ነው።

"ሁሉም ኦዲተሮች ሒሳብ ያውቃሉ። ከበደ ሒሳብ ያውቃል። ስለዚህ ከበደ ኦዲተር ነው።" ትክክል ነው? አይደለም። ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ኦዲተር ነው አልተባለም። የአመክንዮ ጥያቄ ላይ ከተጻፈው ውጭ ምንም አትጨምሩ፣ የምታውቁት እውነት ቢሆንም እንኳ።

በየቀኑ ሃያ ጥያቄ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉና ሲጮህ እርሳሱን አስቀምጡ። ካልኩሌተር አትንኩ፣ ብዙ ቦታ አይፈቀድም።

ስንት ጊዜ ይበቃል?

ማስታወቂያ ወጥቶ ፈተናው እስኪደርስ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ አንዳንዴ ጥሪው ከፈተናው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ይለጠፋል። ስለዚህ ሕጉንና አጠቃላይ ችሎታውን ማስታወቂያ ሳትጠብቁ አሁን ጀምሩ፣ ማስታወቂያው ሲወጣ ደግሞ ሙያው ላይ ብቻ አተኩሩ። ሦስት ወር ቀስ ብሎ በየቀኑ ማጥናት፣ በመጨረሻው ሳምንት ሳይተኙ ከማንበብ እጅግ ይሻላል።

ጅማ ላይ ዝናብ ብዙ ነው፣ መብራትም ይጠፋል። አዋጆቹን ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡ። የምታዘወትሩትን ፎቶ ኮፒ አድርጉና ጠዋት በብርሃን አንብቡ። የሚሠራ ሰው ከሆናችሁ ከሥራ በፊት ያለችውን አንድ ሰዓት ያዙ፤ ማታ ደክሟችሁ የምታነቡት ብዙም አይቀርም።

ማሰልጠኛ መግባት አለብኝ?

የግድ አይደለም። ሦስት አራት ሆናችሁ ብታጠኑ፣ ሁሉም አንድ አንድ አዋጅ አንብቦ ለሌላው ቢያስረዳ፣ ያ ይበልጣል። ለማሰልጠኛው ያሰባችሁትን ብር ለመጓጓዣና ለፎቶ ኮፒ አቆዩት።

ፈተናው አዲስ አበባ ነው ተባልኩ። እንዴት ላድርግ?

ከተቻለ መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ፤ ቅርንጫፍ ላይ የሚፈትኑበት ጊዜ አለ። መሄድ ግድ ከሆነ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ መውጣትም አለበት። በፈተናው ዋዜማ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ቀን ተነሱ። ዋዜማውን አርፋችሁ የፈተናውን ቦታ ሄዳችሁ እዩት። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለትና ሦስት ሕንጻ ሊኖረው ስለሚችል "እዚያ ነው" በተባለው ብቻ አትሂዱ። ዘመድ ጋር የምታድሩ ከሆነ ፈተና እንዳለባችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አለበለዚያ ጨዋታው እኩለ ሌሊት ያልፋል።

ፈተናው ክፍል ውስጥ ምን ላድርግ?

መመሪያውን አንብቡ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ የሚቀንስ ካልሆነ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር። የምታውቁትን ቀድማችሁ ሥሩ፣ የከበዳችሁን ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። መታወቂያና ሁለት እስክሪብቶ ይዛችሁ ግቡ። ስልክ ቤት ይቅር።

የጽሑፍ ማብራሪያ የሚጠይቅ ከሆነ አጭርና ንጹሕ አድርጉት። አንድ ነጥብ በአንድ አንቀጽ። የእጅ ጽሑፋችሁ የማይነበብ ከሆነ እውቀታችሁን ማንም አያየውም።

ቃለ መጠይቁ ላይ ምን ይጠይቃሉ?

"ስለ ራስህ ንገረን" ይላሉ። የሕይወት ታሪካችሁን ከልጅነት አትጀምሩ። ምን ተማርኩ፣ ምን ሠራሁ፣ ይህን መደብ ለምን ፈለግሁ፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የመሥሪያ ቤቱን ሥልጣንና ተግባር ሳታውቁ አትግቡ። ስንት ሰው በሩን አልፎ የገባበት መሥሪያ ቤት ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ ዝም ይላል!

ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሁኔታ ጥያቄ ነው። "አለቃህ ሕግ የሚጥስ ሥራ ቢያዝህስ?" "የሠፈርህ ሰው ያለ ወረፋ አስተናግደኝ ቢልህስ?" እዚህ ላይ ጀግና ለመምሰል አትሞክሩ። ለአለቃው የሕጉን አንቀጽ በአክብሮት አስረዳለሁ፣ ትዕዛዙ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ፣ ሕግ የሚጥስ ከሆነ አልፈጽምም፣ ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ በሉ። ለሠፈሩ ሰው ደግሞ ተነስቼ ወንበር እሰጠዋለሁ፣ ወረፋውን ግን ይጠብቃል። የጅማ ሰው ይሉኝታ ያውቃልና ይህኛው ጥያቄ በእውነት ይከብዳል። ስለዚህ ቀድማችሁ አስቡበት።

የማታውቁት ከመጣ "ይህንን አላውቅም፣ ግን እንዲህ አድርጌ አጣራለሁ" ማለት ይቻላል። ፈታኞቹን አንቱ በሉ፣ በዕድሜ ታናሽ ቢመስሏችሁም።

ሰው ከሌለኝ ምን ዋጋ አለው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ልጆች ዓይናቸው ላይ ያለውን ተስፋ መቁረጥ አውቀዋለሁ፣ አልንቀውም። ዘመድ የሚቀጠርበት ቦታ የለም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ማንንም ሳያውቁ በውጤታቸው የተቀጠሩ ብዙ ልጆችን በዓይኔ አይቻለሁ። በተለይ የጽሑፍ ፈተናው ብዙ ነጥብ በሚይዝባቸው መደቦች ከፍ ያለ ውጤት ያመጣን ሰው መጣል አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የእናንተ ሥራ በጽሑፉ ርቆ መሄድ ነው።

ውጤቱ ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ አቤቱታችሁን በቀኑ፣ በጽሑፍ፣ ለመሥሪያ ቤቱ አቅርቡና ኮፒው ላይ "ተቀብያለሁ" አስፈርሙ። መልስ ካጣችሁ አስተዳደራዊ በደልን የሚመረምረው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ያለ ወረቀት በቃል የተነገረ ቅሬታ የትም አይደርስም።

ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ነገር አለ?

አለ። በፌዴራል ቅጥር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲኖር ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቁጥራቸው ላነሰ ብሔሮች ቅድሚያ ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከት ነው። አንባቢ፣ ተጨማሪ ሰዓት ወይም ምድር ቤት ያለ ክፍል የምትፈልጉ ከሆነ በፈተናው ቀን አትጠይቁ፤ ስትመዘገቡ በጽሑፍ አሳውቁ።

አለፍክ ተብዬ ተጠባባቂ ሆንኩ። ምን ማለት ነው?

ያሸነፈው ሰው ካልቀረበ ወይም ሥራውን ከተወ ቀጣዩ እናንተ ናችሁ። ስልካችሁን አትቀይሩ፣ ሰው ሀብት ክፍሉን አልፎ አልፎ እየሄዳችሁ ጠይቁ። ሌላ ማስታወቂያ ሲወጣም መወዳደራችሁን አታቁሙ።

አለፍኩ! ቀጥሎስ?

የጤና ምርመራ ማስረጃና ከወንጀል ነጻ መሆናችሁን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። እነዚህን ሳያልፉ ቀድሞ ማውጣት ብር ማባከን ነው። የቅጥር ደብዳቤው ላይ የመደቡን ስም፣ ደረጃውንና ደመወዙን ከማስታወቂያው ጋር አስተያዩ፤ ስህተት ካለ ሳትፈርሙ አሳርሙ። ቀጥሎ የሙከራ ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ የሥራ አፈጻጸማችሁ ይሞላል፣ ውጤቱም በጽሑፍ እንዲደርሳችሁ ጠይቁ። ሌላ ቦታ ትሠሩ ከነበረ መልቀቂያችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። ሥራ የጀመራችሁበትን ቀን የሚያሳየውን ደብዳቤ ኮፒ ደግሞ ቤት አስቀምጡ፣ ለጡረታ የሚታሰበው የአገልግሎት ዘመናችሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።